ልምድና ልማድ፦ አዲስ ማዕቀፍ የሚማር ነባር ፕሮግራመር

ከጅግጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኘው ከተማ በአማርኛ ቀብሪበያ ትባላለች። ሶማሊኛ ተናጋሪ ሲጠራት ግን በስሟ መጨረሻ ላይ አማርኛ የዋጠው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ሐመሩ «ሕ»። ሶማሊኛ በ1972 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የላቲንን ፊደል ለጽሕፈት ሲመርጥ፣ ለዚህ ድምፅ «ኤክስ»ን፣ ለዓይኑ «ዐ» ደግሞ «ሲ»ን መደበ። ስለዚህ የከተማዋ ስም በሶማሊኛ ሲጻፍ መጨረሻው «ኤክስ» ነው። መነሻው «ቀብሪ» ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ሶማሊኛ ከዐረብኛ ያገኘው፣ መቃብር ማለት የሆነ ቃል ነው፤ ከግዕዙ ቀበረ፣ ከእኛው ቀብርና መቃብር ጋር ሥሩ አንድ ነው።

የጉሮሮ ድምፆችን ያነሣሁት በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ በየቀኑ የሚነሣ አንድ የአማርኛ ቃል ታሪኩን የደበቀው እነሱ ውስጥ ስለሆነ ነው። ቃሉ ማዕቀፍ ነው። በዜና «የሕግ ማዕቀፍ»፣ «የፖሊሲ ማዕቀፍ» ሲባል እንሰማዋለን። ፕሮግራመሮች በአፋቸው ፍሬምወርክ ይላሉ፤ ወደ አማርኛ ጽሑፍ ሲመጡ ግን ከማዕቀፍ የተሻለ ቃል አያገኙም።

በግዕዝ ከግስ የቦታ ወይም የመሣሪያ ስም ሲወጣ ፊት ላይ «መ» ይገባል። ቀደሰ መቅደስን፣ ነበረ መንበርን ይወልዳል። የግሱ የመጀመሪያ ፊደል የጉሮሮ ድምፅ ከሆነ ግን «መ» ተከፍቶ «ማ» ይሆናል፤ ኀደረ ማኅደርን፣ ኀተመ ማኅተምን የሚሰጠው በዚህ ሕግ ነው። ማዕቀፍም በ«ማ» መጀመሩ ከኋላው የጉሮሮ ድምፅ እንደነበረ ይመሰክራል። የግዕዙ ግስ ሐቀፈ ነው፤ ትግርኛ ዛሬም ሓቖፈ ይላል። አማርኛ ጉሮሮውን ትቶ አቀፈ አለ። በሥሩ ከተሄደ ቃሉ ማሕቀፍ ተብሎ መጻፍ ነበረበት። በዓይኑ «ዕ» መጻፉ ግን በመንግሥት ሰነዱም በጋዜጣውም ስለጸና እኔም ማዕቀፍ ብዬ እቀጥላለሁ። ፊደሉ ቢለወጥም ትርጉሙ አልጠፋምና ለፊደሉ ብዬ አንባቢን አላደናግርም።

ትርጉሙ ማቀፍ ነው። እናት ልጅ ታቅፋለች፣ ዶሮ እንቁላል ትታቀፋለች፣ እቅፍ አበባ ይሰጣል። ኮምፒውተር በአማርኛ ሲሠራ ፋይል የሚሰበሰብበትን ነገር «አቃፊ» ማለታችንም ከዚሁ ሥር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም አዲስ ፍሬምወርክ ለሚማር ሰው ከብዙ መመሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። አቃፊው ማን ነው? ታቃፊውስ?

ፕሮግራመር የሌሎችን ሥራ የሚጠቀምበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ላይብረሪ ነው። ቀን ለማስላት ወይም ፎቶ ለማሳነስ ሲፈልግ ከላይብረሪው ይጠራል፤ የጠራው ሥራውን ሠርቶ ይመለሳል። አዛዡ ፕሮግራመሩ ነው፤ ላይብረሪውን ያቀፈው እሱ ነው። ፍሬምወርክ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። መተግበሪያው የሚነሣው፣ ጣት ስክሪን ሲነካ የሚያየው፣ ገጽ የሚከፍተውና የሚዘጋው ፍሬምወርኩ ራሱ ነው። ፕሮግራመሩ የጻፈውን ኮድ በየቦታው ያስቀምጣል፤ ፍሬምወርኩ ጊዜው ሲደርስ ይጠራዋል። አሜሪካኖቹ ራልፍ ጆንሰንና ብራያን ፉት ፍሬምወርክን ከሌላው ዓይነት ኮድ የሚለየው ይህ የመጥራት ሥልጣን መገልበጥ እንደሆነ በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ አስረድተዋል። አማርኛ ይህንን በአንድ ግስ ይዞታል። ማዕቀፍ ያቅፋል፤ የፕሮግራመሩ ኮድ ይታቀፋል።

እንግሊዝኛው ፍሬምወርክ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። «ፍሬም» በጥንቱ እንግሊዝኛ «መጥቀም፣ ወደፊት ማራመድ» ከሚል ግስ ይነሣል፤ የዚያም ሥር «ወደፊት» የሚል ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን ትርጉሙ እንጨትን ለቤት ሥራ ወደ ማዘጋጀት ዞረ፤ ከዚያ የተዘጋጀው እንጨት እርስ በርሱ ተገጣጥሞ የሚቆመው አጽም ፍሬም ተባለ። ሶማሊኛም የሄደው በአናጺው መንገድ ነው። መዋቅርንና ፍሬምወርክን ለመግለጽ «ቃብ ዲስሜድ» ይላል፤ «ቃብ» ቅርጽ፣ «ዲስ» ደግሞ መገንባት ነው።

ቀብሪበያ አካባቢ ይህ ቃል ከዓይን የራቀ ነገር አይደለም። የአርብቶ አደሩ ቤት «አቀል» የሚጀምረው «ዲጎ» ከሚባሉት ጎባጣ እንጨቶች ነው። ቤቱን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እንጨቶቹን በክብ መሬት ውስጥ ይተክሏቸዋል፣ ጫፋቸውን አጉብጠው ላይ ያገናኟቸዋል፣ በገመድ ያስሯቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የተሸመነው ምንጣፍ የሚለብሰው። ለጉዞ ሲነሡ ቤቱ ተፈትቶ ግመል ላይ ይጫናል፣ በደረሱበት ተመልሶ ይቆማል። የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ በ1991 ቀብሪበያ ላይ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። በሶማሌ ክልል መጠለያዎች የሰፈሩት ሴቶች ምንጣፍ ሲያጡ በጎበጠው እንጨት ላይ የፕላስቲክ ሸራና አሮጌ ጨርቅ አልብሰው ቤት አቆሙ። አለባበሱ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ የእንጨቱን አተካከልና አስተሳሰር ግን አልረሱትም። ሃያ ዓመት ሶፍትዌር የሠራ ሰው ወደ አዲስ ፍሬምወርክ ሲገባ ይዞት የሚገባው ዕውቀት የዚህ ዓይነት ነው።

የፍሬምወርኮቹ ስሞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የሚነገር ታሪክ የላቸውም። ላራቬል በ2011 የወጣ ሲሆን ስሙ ከአንድ የልጆች ልብ ወለድ ቤተ መንግሥት ስም ተቀምሞ የተሠራ ነው። በ2014 የወጣው ቩ በፈረንሳይኛ «ዕይታ» ማለት ነው። የጉግሉ ፍላተር የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን በ2018 አወጣ፤ ቃሉ የክንፍ መርገብገብን ይገልጻል። ፍላተር ውስጥ ስክሪን ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ «ዊጀት» ነው፤ ይህም እንግሊዝኛ ስሙ ላልታወቀ ዕቃ የሚጠቀምበት፣ ከእኛው «እንትን» ጋር የሚቀራረብ ቃል ነው።

ከሁሉም የሚያስቆመኝ ጃንጎ ነው። ጃንጎ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ የጋዜጣ ድርጅት ውስጥ ተሠርቶ በ2005 ለሁሉም ክፍት የሆነ የዌብ ፍሬምወርክ ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ አድሪያን ሆሎቫቲ ጊታር ተጫዋች ስለነበር በጃንጎ ራይንሃርት ስም ሰየመው። ራይንሃርት በ1910 ቤልጂየም ውስጥ «ሮማ» ከሚባለው ሕዝብ ወገን ተወለደ፤ ገና በጉርምስናው በፓሪስ ዙሪያ እየተጫወተ እንጀራውን የሚያገኝ ሙዚቀኛ ነበር። በ1928 መኖሪያው የነበረው ጋሪ በእሳት ተያያዘ፤ የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተኮማትረው ቀሩ። ለጊታር ተጫዋች የግራ እጅ ጣት ማለት ዜማው ራሱ ነው። አራት ጣት የለመደው እጅ ሁለት ጣት ቀረው።

ራይንሃርት ከአንድ ዓመት በላይ አልጋ ላይና ከአልጋ ወዲያ ሲለማመድ ቆየ። ጆሮው የነበረው ጆሮ ነበር፤ የዜማ ሐሳቡ አልተቃጠለም። የተቃጠለው የጣቶቹ መንገድ ነው። ስለዚህ አዲስ መንገድ አበጀ። በሁለት ጣት ክሩ ላይ እየሮጠ ዜማ ይጫወታል፣ የታጠፉትን ሁለቱን ደግሞ ኅብረ ድምፅ (ኮርድ) ሲይዝ በተወሰኑ ክሮች ላይ ያሳርፋቸዋል። በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር ባቋቋመው ቡድን የአውሮፓን ጃዝ ቀየረ። ለፍሬምወርክ ስም ሲፈለግ ይህ ሰው መመረጡ ሲበዛ ተገቢ ነው እላለሁ። የነባር ባለሙያ ዳግመኛ መማር ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። የሚያውቀውን ይዞ፣ የለመደውን ለቀቀ።

ይህን «የሚያውቀውን ይዞ፣ የለመደውን ለቀቀ» የሚለውን ነገር አማርኛ አጥብቆ ይዞታል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ከአንድ ግስ ይወጡልናል። ግሱ ለመደ ነው። ከእሱ ልምድ ይመጣል፤ የሥራ ማስታወቂያው «የአምስት ዓመት ልምድ ያለው» ብሎ የሚጠይቀው ሀብት። ከእሱው ልማድ ይመጣል፤ እጅ ሳያስብ የሚሠራው፣ ሊተዉት ሲሹ የማይለቀው። ተለማማጅ፣ ልምምድ፣ መላመድ፣ ለማዳ እንስሳ ሁሉም የዚያው ቤት ናቸው።

ሥሩ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ነው። ለዕብራይስጥ ያው ሥር «መማር» ነው፤ ታልሙድ የሚለው የአይሁድ ታላቅ መጽሐፍ ስም ከዚህ ይወጣል። ዐረብኛ ተማሪን «ቲልሚዝ» የሚለውም ከአራማይስጥ ወስዶት ነው። ዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር ሌላ ቃል አለው፤ በሬ የሚነዳበት፣ ጫፉ የሾለ በትር «መልማድ» ይባላል። ስለዚህ በዚህ ሥር ውስጥ ትምህርትና የእንስሳ መገራት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አማርኛም ወይፈንን ለቀንበር ማላመድ ሲል ይህንኑ ይላል። ለቀንበር የተላመደ በሬ መስመሩን ሳይነገረው ይይዛል፤ ያ ጥቅም ነው። አዲስ ማሳ ላይም የድሮውን መስመር ሊይዝ ይሻል፤ ያ ጣጣ ነው። አበው «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ያሉት ስለ ሁለተኛው ነው።

ይህ በኮድ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ በቅርብ እንየው። ፒኤችፒ በሚባለው የዌብ ፕሮግራም ቋንቋ ለዓመታት የሠራ ሰው የለመደው ዓለም እንዲህ ነው። አንድ ሰው ገጽ ሲጠይቅ ፕሮግራሙ ከባዶ ይጀምራል፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ ገጹን ያወጣል፣ ያበቃል፤ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ቀጣዩ ጥያቄ እንደገና ከባዶ ይነሣል። መታወስ ያለበት ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ገጹ ከወጣ በኋላ አንድ ቁጥር መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ በ2006 በወጣው ጄይኩዌሪ በተባለ ላይብረሪ ሳጥኑን ፈልጎ፣ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንሥቶ፣ አዲሱን መጻፍ ነበር።

ይህ ሰው ወደ ፍላተር ወይም ፌስቡክ በ2013 ወዳወጣው ሪአክት ሲሻገር ሁለት ነገር ይገጥመዋል። መተግበሪያው አይሞትም፤ ስልክ ላይ ተቀምጦ ይኖራል፣ የያዘውን ያስታውሳል። ሁለተኛም ሳጥን ፈልጎ ጽሑፍ መቀየር የለም። ያለው መረጃ ተለወጠ ብሎ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ፍላተር ውስጥ ይህ «ሰትስቴት» ይባላል። ከዚያ ፍሬምወርኩ ራሱ የዚያን ክፍል የሥዕል ትእዛዝ እንደገና ይጠራል፤ ስክሪኑ ከመረጃው ጋር ይታረቃል። ነባሩ ፕሮግራመር ግን እጁ የለመደው ሳጥኑን ፍለጋ ነው። የጽሑፉን ዊጀት የት እንደሚይዘው፣ እንዴት ውስጡ ገብቶ ቁጥሩን እንደሚቀይረው ይፈልጋል፤ መንገድ ሲያጣ ፍሬምወርኩ ጎዶሎ ይመስለዋል። ጎዶሎ አይደለም፤ አቃፊው ተቀይሯል። ጀማሪው ይህን በቀላሉ ሲያልፈው ነባሩ የሚደናቀፈው ዕውቀት ስላነሰው አይደለም። የሚተወው ነገር ስላለው ነው።

ሌላው ወገን ልምድ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ፍሬምወርክ አያስተምርም። ለቀብሪበያ የከብት ገበያ ሽያጭ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ይሠራ ቢባል፣ ነባሩ ሰው ገና ከመነሻው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ስለዚህ ሽያጩ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ኤስኪውላይት በሚባል ትንሽ ዳታቤዝ እንዲጻፍ፣ ግንኙነት ሲመለስ ወደ ዋናው ዳታቤዝ እንዲላክ ያደርጋል። አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት ግመል ተሸጠ እንዳይባል ለእያንዳንዱ ሽያጭ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። ገንዘብን በነጥብ ቁጥር አያስቀምጥም፤ በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ በፒኤችፒም፣ በጃንጎም፣ በፍላተርም ያው ነው። የአንድ ፍሬምወርክ መመሪያ እነዚህን በሦስት መስመር ያልፋቸዋል፤ ሥራው የሚወድቀውም የሚቆመውም ግን እነሱ ላይ ነው።

«መተግበሪያ» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ሥሩ ግዕዙ ገብረ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ። ተግባር ከእሱ ነው፤ መሬት የሚሠራው ገበሬም፣ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብርም ከእሱ ናቸው። መተግበሪያ ማለት ሥራ የሚፈጸምበት መሣሪያ ነው። የሶማሌ ክልል ሕዝብ የስልክ ገንዘብን በሶማሌ ማይክሮፋይናንስና በሄሎካሽ የለመደው ቴሌብር በ2021 ከመጀመሩ በፊት ነው። ደንበኛው ሄሎካሽ በምን ፍሬምወርክ እንደተሠራ ጠይቆ አያውቅም፤ የጠየቀው ገንዘቡ መድረሱን ነው።

ሶማሊኛ ለልምድና ለልማድ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ስላሉት እኛ የምናየውን ዝምድና አያይም፤ በምትኩ እኛ የማናየውን ያያል። ልማድ ለሶማሊኛ «ዓዶ» ነው፣ ከዐረብኛ። ልምድን ከዐረብኛ በመጣው «ኺብረድ» ይገልጸዋል፤ የራሱ ቃልም አለው፤ «ዋዮ አረግኒሞ»። «ዋዮ» ዘመናት ናቸው፣ «አረግ» ማየት ነው። ልምድ ያለው ሰው ዘመናትን ያየ ሰው ነው። ይህ ቃል ነባሩን ፕሮግራመር በደንብ ይገልጸዋል። ፍሬምወርክ ሲመጣና ሲያልፍ ያየ ሰው፣ አዲሱን ሲያገኘው ከየትኛው ዘመን እንደተነሣ ያውቃል። ስክሪንን ከመረጃ መለየት የሚለው፣ ዛሬ በየፍሬምወርኩ አዲስ ስም የሚሰጠው ሐሳብ፣ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1979 ዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ ያወጣው ነው። ሪአክትን ያወቀ ፍላተርን ሲያይ «እንደገና መሣሉን አውቀዋለሁ» ይላል፤ ጃንጎን ያወቀ ላራቬልን ሲያይ የመንገድ ካርታውን፣ የዳታቤዝ ሞዴሉን፣ የገጽ አብነቱን ፈልጎ ያገኛል።

መማር ለሶማሊኛ «በሮ» ነው፤ ትምህርት «ወሕበረሾ» ይባላል። ያው «በረሾ» መተዋወቅም ነው፤ ሁለት ሰዎች ገና ሲገናኙ «በረሾ ወናግሰን» ይባባላሉ፣ መልካም ትውውቅ። አማርኛም ዕውቀትንና ትውውቅን ከአንድ አወቀ ያወጣል። እኔ ለነባር ፕሮግራመር የምመክረውም ይህንኑ አካሄድ ነው። ስለ አዲሱ ፍሬምወርክ ከማንበብ በፊት፣ ከዚህ በፊት በሌላ ፍሬምወርክ የሠራውን፣ ጓዳ ጎድጓዳውን የሚያውቀውን አንድ ትንሽ ሥራ ወስዶ በአዲሱ እንደገና ይሥራው። ሥራው የታወቀ ስለሆነ አእምሮው ስለ ከብት ገበያው አያስብም፤ ያልገባው ሁሉ የፍሬምወርኩ ጠባይ መሆኑን በእርግጠኝነት ያውቃል። የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግብ፤ አብዛኛው ልማዱ ሆኖ ያገኘዋል።

የትምህርቱ ዕድል እየሰፋ ነው። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ ያስተምራል፤ በ2024 የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ደግሞ ፕሮግራሚንግንና የአንድሮይድ ሥራን በኢንተርኔት ለሁሉም አቅርቧል። የጎደለው የቃላት ሥራ ነው። «ፕሮግራም» እንኳ ወደ ሁለቱ ቋንቋዎች በሁለት መንገድ መጥቷል፤ አማርኛ በአውሮፓ በኩል የግሪኩን ሲይዝ ሶማሊኛ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረብኛ የመጣውን «በርናሚጅ» ይዟል። አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ ተናጋሪና ሶማሊኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ተቀምጠው ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ቃል ፍሬምወርክ ሲማሩ፣ የሚያቅፈውንና የሚታቀፈውን ለመለየት የሚረዳቸው የየራሳቸው ቃል ቦርዱ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ በጅግጅጋና በቀብሪበያ ኮድ ለምታስተምሩ ሁሉ ጥያቄዬ ይህ ነው። በአፍ ፍሬምወርክ በሉ፤ ማንም ይግባባበታል። ቦርድ ላይ ስትጽፉ ግን ከጎኑ ማዕቀፍንና ቃብ ዲስሜድን ጨምሩ፤ የአዲስ ፍሬምወርክ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜም የትኛው ኮድ የትኛውን እንደሚጠራ በማሳየት ይጀምር።